አዳራሹ ባዶ፣ ሻዩ ግን አለቀ፦ ለፐብሊክ ሌክቸር ሰው እንዴት ይመጣል?

አራተኛ ዓመት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከአዲስ አበባ ውጭ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ስሙን አልጠራም፤ ገና አልተመረቅኩም። የታሪክና ቅርስ ክበባችን ጸሐፊ ነኝ።

በቅርቡ ፐብሊክ ሌክቸር አዘጋጅተን ነበር። ርዕሱ የከተማችን የድሮ ገበያ ነው። ተናጋሪው እዚሁ ተወልደው ያደጉ፣ ገበያውን ለዓመታት ያጠኑ መምህር ናቸው። አዳራሹ አራት መቶ ሰው ይይዛል። የመጣው ሰው የፊቱን ሦስት ረድፍ እንኳ አልሞላም።

ፕሮግራሙ 8 ሰዓት ተባለ። የክብር እንግዳው 8፡40 ላይ ደረሱ። የክበቡ ሰብሳቢ እንኳን ደህና መጣችሁ አለ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊም እንኳን ደህና መጣችሁ አሉ። ዲኑም አሉ። የክብር እንግዳው ከወረቀት አንብበው «በይፋ መከፈቱን አበስራለሁ» ካሉ በኋላ አስቸኳይ ስብሰባ አለብኝ ብለው ወጡ። አጅቧቸው የመጣው ሁሉ ተከትሎ ወጣ። ካሜራማኑም ወጣ።

መምህሩ ተራ ሲደርሳቸው የፕሮጀክተሩ ኬብል ከላፕቶፓቸው ጋር አልገጥም አለ። ልጆች ኬብል ፍለጋ ሲሯሯጡ እሳቸው ላፕቶፑን በሁለት እጃቸው ብድግ አድርገው ወደ እኛ አዞሩት። የድሮ ገበያውን ፎቶ ሊያሳዩን ነው። ከኋላ የተቀመጠ ምን ሊያይ? ሃያ ደቂቃ እንደተናገሩ የመድረክ መሪው ብጣሽ ወረቀት አቀበላቸው። የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ «በሰዓት እጥረት ምክንያት» ተባለ። ከገበያው ሰፈር የመጡ አንድ አባት እጃቸውን አንሥተው ነበር። ማንም ሳያያቸው አወረዱት።

ሻይና ኩኪስ ሲቀርብ ግን ሰዉ ከየት እንደመጣ እንጃ! አዳራሽ ውስጥ ያላየሁት ፊት ሁሉ ተሰልፏል።

ጥያቄዬ እንዲህ ነው። ድሮ አዳራሽ ሞልቶ ሰው መስኮት ላይ ይንጠለጠል ነበር ይባላል። እውነት ነው? ዛሬስ የሚሞላ መድረክ አለ? ካለ ምን አድርገው ነው?

ቡና በወተት

ሰርተፊኬት ስጡ። ይሞላል። አለቀ።

አራተኛ ዓመት

ሰጥተን እናውቃለን። ፈርመው ወጡ። ማምሻውን ሰርተፊኬታቸውን ሊወስዱ ተመልሰው መጡ።

የድሮ ስድስት ኪሎ

ልጄ፣ የጻፍሽው አሳቀኝም አናደደኝም። አዎ፣ ይሞላ ነበር። ግን «የድሮ ተማሪ ለዕውቀት ይሞታል» የሚሉሽን አትስሚ። እኛም ሻይ እንወድ ነበር።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መነሻ፣ የተከፈተው በ1943 ዓ.ም. ነው። እየቆየ የኮሌጅ ቀን የሚባል በዓል መጣ። የበዓሉ ጨው የግጥም ውድድሩ ነበር። ጃንሆይ ራሳቸው ፊት ለፊት ተቀምጠው ይሰማሉ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አንድ ተማሪ ተነሥቶ «ድሃው ይናገራል» የሚል ግጥም አነበበ። ርዕሱ ብቻ ይበቃሻል። እስቲ አስቢው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ወንበር ላይ ናቸው፣ ተማሪው ወረቀቱን ይዞ ቆሟል፣ ድሃው ሊናገር ነው። ቀጥሎ ምን እንደሚባል አዳራሹ ውስጥ የሚያውቅ የለም። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ወሬው የደረሰኝ ከታላላቆቼ ነው።

ስድስት ኪሎ የገባሁት በ1959 ነው። ግቢው የጃንሆይ ቤተ መንግሥት ነበር፤ ገነተ ልዑል። ከታኅሣሡ 1953 የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ለዩኒቨርሲቲው ሰጡት። የሚገርመው ንጉሡ በሰጡት ግቢ ነው ንጉሡን የሚጥለው ሁሉ የበቀለው። «መሬት ለአራሹ» ብሎ ተማሪው አደባባይ የወጣው እኔ ከመግባቴ በፊት፣ በየካቲት 1957 ነው። እኔ ስደርስ ነገሩ ግሏል። የተማሪ ማኅበር ስብሰባ ሲኖር ቦታ ለመያዝ እራት የሚተው ነበር። እራት!

ደግሞ ሁሉም ስብሰባ በሰላም አያልቅም። በመጋቢት 1960 ራስ መኰንን አዳራሽ የፋሽን ትርዒት ተዘጋጀ። ተማሪው «አገር እየተራበ፣ ገበሬ መሬት አጥቶ፣ የምን ሚኒስከርት ነው» ብሎ ተነሣ። እንግዶች ተዋከቡ፣ ፖሊስ ገባ፣ ተማሪዎች ታሰሩ፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ።

ይኸውልሽ፣ ሰው የሚመጣው የሚሆነው ስለማይታወቅ ነው። የእናንተን ፕሮግራም ግን እኔ እዚህ ሶፋዬ ላይ ተቀምጬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልነግርሽ እችል ነበር።

ሸማ ለባሽ

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ የፋሽን ትርዒቱን እንዲህ በቀላሉ አይለፉት። መድረክ ላይ የወጡት እኮ የዩኒቨርሲቲው ሴት ተማሪዎች ናቸው። እነሱን የጠየቀ ነበር? ስለ መሬትና ስለ ኢምፔሪያሊዝም ሲወራ ቆይቶ በመጨረሻ ቁጣው የወረደው ሴት ልጅ በለበሰችው ላይ ነው። የዚያን ዘመን ትግል አከብራለሁ። ግን አዳራሽ ሞላ ማለት ሁሉም ሰው ተናገረ ማለት አይደለም። የኮሌጅ ቀን ግጥም ሲነበብም የሴት ድምፅ ስንት ጊዜ ተሰማ?

የድሮ ስድስት ኪሎ

ልጄ፣ እኛ «ቁጣው በቀሚሱ አይደለም» እንል ነበር። እናንተ «በቀሚሱ ነው» ትላላችሁ። እኔ አሁንም በቀሚሱ ብቻ አይደለም ባይ ነኝ። አንቺና እኔ ይህን ጉዳይ መድረክ ላይ ብንከራከርበት ግን መስኮት ላይ የሚንጠለጠል ሰው ይኖራል።

ሸማ ለባሽ

መጣሁ። ቀኑን ይንገሩኝ ብቻ።

ሐምቡርግ ነኝ

እኔ እዚህ ጀርመን ማስተርስ እየሠራሁ ነው። ሐምቡርግ የኢትዮጵያ ጥናት የሚሰጥበት የቆየ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ግእዝ የሚያነብ ጀርመናዊ ታገኛላችሁ።

እዚህ ለከተማው ሕዝብ ክፍት የሆነ ተከታታይ ሌክቸር አለ። አንድ ርዕስ ይያዝና ሴሚስተሩን ሙሉ በየሳምንቱ የተለያየ ሰው ይናገርበታል። ቀኑ አይለወጥም፣ ሰዓቱ አይለወጥም፣ አዳራሹ አይለወጥም። መግቢያ ነፃ ነው፣ በር ላይ የሚጠይቅህ የለም። ግማሹ አድማጭ ጡረተኛ ነው። ማስታወሻ ደብተር ይዘው ይመጣሉ፣ ጥያቄያቸው ከእኛ ይበልጣል።

ሰዓት አክባሪ ናቸው የምትሏቸው ጀርመኖች ደግሞ በሕግ የተፈቀደች የሐበሻ ቀጠሮ አለቻቸው። ማስታወቂያው ላይ ከሰዓቱ አጠገብ ሁለት ፊደል ካለች 12 ሰዓት የተባለው 12 ከሩብ ይጀምራል ማለት ነው። ግን ከሩብ ማለት ከሩብ ነው። የክብር እንግዳ ብሎ ነገር አልገጠመኝም። አንድ ሰው ተናጋሪውን በሁለት ደቂቃ ያስተዋውቅና ይቀመጣል። ሲያልቅ አያጨበጭቡም፤ ጠረጴዛውን በጣታቸው አንጓ ያንኳኳሉ። መጀመሪያ ቀን ሰዉ ተቆጥቶ መስሎኝ ደንግጬ ነበር።

ቡና በወተት

እኛ ጋ ጠረጴዛ ቢንኳኳ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ነው የሚጠራን።

ፍሬሽ 2017

እኔ ፍሬሽ ነኝ፣ ልናገር። ፐብሊክ ሌክቸር የሚል ባነር ሳይ መንገድ እቀይራለሁ። ምክንያቱም አንዴ ከክፍል ነድተው ወሰዱን፤ አቴንዳንስ ተያዘ። አልሞላ ሲላቸው ነው እንግዲህ። ከዚያ ወዲህ ቃሉን ስሰማ አቴንዳንስ ነው የሚታየኝ።

ግን ሁላችሁም የረሳችሁት ነገር አለ። ግቢያችን ውስጥ በየሳምንቱ ጢም ብሎ የሚሞላ ፕሮግራም አለ እኮ። ኦርቶዶክሱ ግቢ ጉባኤ ይሄዳል፣ ፕሮቴስታንቱ ፌሎሺፕ ይሄዳል፣ ሙስሊሙ ጀመዓው ጋ ይሄዳል። ባነር የለም። ሰርተፊኬት የለም። መሬት ላይ ተቀምጦ የሚሰማ ሁሉ አለ። ዶርም ጓደኛዬ ክላስ ያረፍዳል እንጂ መርሐ ግብር አያረፍድም።

አራተኛ ዓመት

ይሄ እውነት ነው። ለምን ይመስልሃል? እምነት ስለሆነ ብቻ ነው?

ፍሬሽ 2017

እምነቱ ዋናው ነው፣ እሱን አልክድም። ግን ሌላም አለ። ፍሬሽ ሆነህ ስትመጣ አውቶቡስ ተራ ድረስ መጥተው ሻንጣህን የሚሸከሙልህ እነሱ ናቸው። ብትቀር «ምነው ጠፋህ?» ብሎ ዶርም ድረስ የሚመጣ አለ። የእናንተን ሌክቸር ብቀር ማን ይጠይቀኛል? ደግሞ ቀኑ የታወቀ ነው። የእናንተ ክበብ ፕሮግራም መቼ እንደሆነ እናንተስ ታውቁታላችሁ?

ሕግ ተማሪ

ምስለ ችሎት ሞክሩ። እኛ ጋ በዓመቱ ውስጥ አዳራሽ የሚጠበው ያን ቀን ነው። ካባ ለብሰው ሁለት ቡድን ይፋጠጣሉ፣ ዳኞቹ መሀል ንግግር ላይ ያቋርጡሃል፣ ላብህ ይወርዳል፣ በመጨረሻ አንዱ ይረታል። ጋሼ ያሉት ነው፤ ውጤቱ አይታወቅም። ከኢንጂነሪንግ ሁሉ ሊያይ ይመጣል። ስለ ሕጉ ግድ የለውም፤ ማን እንደሚዋረድ ማየት ይፈልጋል። ሲወጣ ግን ስለ ይዞታ ክርክር አንድ ሁለት ነገር አውቆ ነው የሚወጣው።

መምህር ነኝ ለጊዜው

የውስጡን ልንገራችሁ። ክበብ የምከታተል መምህር ነኝ።

ንግግሩ የበዛው በክፋት አይደለም። ነገሩ የሚጀምረው ከበጀት ነው። ክበቡ ለሻይ፣ ለውሃ፣ ለባነር ገንዘብ ይጠይቃል። ደብዳቤው ከትምህርት ክፍል ወደ ዲን፣ ከዲን ወደ ምክትል ፕሬዚዳንት ይሄዳል። በየደረጃው የፈረመ ሰው ሁሉ ፕሮግራሙ ላይ አለሁበት ይላል። አለሁበት ያለ ደግሞ ይናገራል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጁ ማኅበረሰብ አገልግሎትን ከመማር ማስተማርና ከምርምር ጎን የዩኒቨርሲቲ ሥራ አድርጎታል። ጥሩ ነው። ሥራው ሪፖርት ሲሆን ግን የሚቀረው የተሳታፊ ቁጥርና ፎቶ ነው። አዛውንቱ ምን ሊጠይቁ እንደነበር የሚጻፍበት ሣጥን ቅጹ ላይ የለም። ካሜራማኑ ቶሎ የወጣው ሥራው ስላለቀ ነው።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ብር አትጠይቁ። ቁልፍ ብቻ ጠይቁ። ለትልቁ አዳራሽ ሳይሆን ለአንድ ሰፊ ክፍል። ብር ያልተጠየቀበት ፕሮግራም የክብር እንግዳ አያስፈልገውም። ሻዩንም ተዉት። አራት መቶ ወንበር ላይ ስልሳ ሰው ሐዘን ቤት ይመስላል፤ ሃምሳ ወንበር ላይ ስልሳ ሰው ሲሆን ግን ሠርግ ነው።

የተናጋሪ ነገርም አለ። ተናጋሪያችሁ ስላይዱን እንዳያነብ ቀድማችሁ ንገሩት። እኛ መምህራን ስላይድ ካገኘን እናነባለን፤ በሽታችን ነው። እንግሊዝኛውንም ለክፍል ይተው። የከተማው ሰው እንዲመጣ ከተፈለገ በከተማው ሰው አፍ መነገር አለበት።

ዝም አይሻልም

መምህር፣ ሁሉም ጥሩ። ግን ጋሼ የሚሉት «ያልታወቀ ነገር» ሲከሰት ማን ነው የሚጠየቀው? ደብዳቤው ላይ የፈረመችው ልጅ ናት። አንድ ሰው ተነሥቶ ፖለቲካ ቢናገር፣ ያም ብሔሬን ነካብኝ ቢል፣ ማምሻውን ዶርም ውስጥ ድንጋይ ቢወረወር? ግቢ ውስጥ በብሔር ተጣልተው ልጆች የሞቱበትን ጊዜ እናውቃለን። አዘጋጆች ጥያቄ የሚዘሉት ሰዓት አጥተው አይደለም። ፈርተው ነው። 

መምህር ነኝ ለጊዜው

እውነትህን ነው፤ እኔም እፈራለሁ። ግን ፍርሃቱን ለይተን ብንፈራስ? የድሮ ገበያ፣ የከተማ ውሃ፣ የሰፈር ስም፣ የወባ ወረርሽኝ ለምን ተመለሰ የሚለው… ስንት ሰውን የሚያገባው ነገር አለ። አወያይ ማለት ሰዓት የሚቆጥር ማለት አይደለም። ነገር ሲከር የሚያለዝብ፣ «ጥያቄህን ብቻ» የሚል፣ ለሁሉም ፊት የማያጠቁር ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየግቢው አንድ ሁለት አይጠፋም። ብዙ ጊዜ ሴት መምህርት ናት፤ ማንም አይጠራትም እንጂ።

ባለ ሱቅ

እኔ ተማሪ አይደለሁም። ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ሱቅ አለኝ። አንድ ቀን ባነር አይቼ ልሰማ ሄድኩ። «ሁሉም ተጋብዟል» ይላል። ጥበቃው «ማንን ፈልገህ ነው?» አለኝ። ሌክቸር ልሰማ አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝና «የሥራ መታወቂያ?» አለኝ። የቀበሌ ነው ያለኝ። ተመለስኩ። የጥበቃው ጥፋት አይደለም፤ የነገረው የለም። ሁሉም ተጋብዟል ከምትሉ ለበረኛው አንድ ወረቀት ስጡት።

አራተኛ ዓመት

ወንድሜ፣ ይሄን ነገር አስበነው አናውቅም ነበር። የአዛውንቱን ነገር አሁን ገባኝ። እሳቸው የገቡት የጥበቃው ዘመድ ስለሆኑ ነው ለካ!

ያሬድ ሰፈር

አዲስ አበባ ላላችሁ፣ አይሞላም እያላችሁ የምታለቅሱ፣ የት የት ነው የምትሄዱት? አለ ፈለገሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመራቂዎች ዐውደ ርዕይ ያሳያል። ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ልጆቹ ይጫወታሉ፤ መሰንቆ ላይ የተቀመጠ ልጅ ሰምታችሁ ከመጣችሁ ሌላ ዘፈን ለሳምንት አትከፍቱም። የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል እዚያው ስድስት ኪሎ ነው። ባህል ማዕከሉ አለ። ሙዚየሙስ? የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1963 ሲቋቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ፤ ሙዚየሙ ውስጥ የጃንሆይ መኝታ ቤት እንዳለ ተቀምጧል። የዩኒቨርሲቲ ነገር ሁሉ ሌክቸር አይደለም።

ደግሞ ሰው ማዳመጥ ጠልቷል የሚለውን አልቀበልም። ራስ ሆቴል ግጥም በጃዝ ሲኖር ሰው ከፍሎ ገብቶ ቆሞ ይሰማ ነበር። ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ፣ ሚዩዚክ ሜይዴይ የተባለ ድርጅት ባዘጋጀው የመጽሐፍ ውይይት እሁድን የሚያህል ቀን ሰው ትቶ ይመጣ ነበር። የሚናገረው የደከመበት ሰው ሲሆን፣ የሚሰማው መልስ መስጠት ሲችል፣ ሐበሻ ጆሮው ሙሉ ነው።

ቡና በወተት

ጂሲ፣ ማለት ተመራቂው፣ ለምረቃ 100 ቀን ሲቀረው በሚያደርገው ድግስ ላይም ሰው ቆሞ ይሰማል። ስፒከሩ ነው የሚናገረው።

ከጅማ

በአንድ ነገር ልጨምር። እኛ ጅማ በማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ነው ያደግነው። ተማሪው ቀበሌ ወርዶ ቤት ለቤት ጠይቆ፣ ችግር ለይቶ ይመለሳል። ሰዉን ግቢ ድረስ ከመጥራት እናንተ ብትሄዱለት ይቀላል። የድሮ ገበያ ሌክቸር ገበያው ውስጥ ቢሆን ምን ነበረበት? እነዚያ አባት እጅ ማንሣትም አያስፈልጋቸው፤ ቤታቸው ነው።

የድሮ ስድስት ኪሎ

የጅማው ልጅ ተናገረ! መምህሩም ላፕቶፕ መሸከም ቀረላቸው።

አራተኛ ዓመት

እሺ፣ አንብቤ አንብቤ ትናንት ማታ ከክበቡ ልጆች ጋር ተቀመጥን። ተከራከርን። ሰብሳቢያችን ክብር እንግዳ ከሌለ ዩኒቨርሲቲው ይቀየመናል ብሎ ነበር፤ መምህር የጻፉትን አነበብኩለት። ግማሽ መንገድ መጥቷል።

እንዲህ ልናደርግ ነው። በየወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ፣ 11 ሰዓት፣ ሁሌ። ግቢ ውስጥ ሳይሆን የከተማው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፤ እዚያ መታወቂያ የሚጠይቅ የለም። ሠላሳ ደቂቃ ንግግር፣ አንድ ሰዓት ጥያቄ። የመጀመሪያው ጥያቄ ለከተማው ሰው ነው፣ ተማሪ ይጠብቃል። ሻይ የለም። ቡና በወተት፣ ይቅርታ።

መጀመሪያ የምናነሣው የቧንቧ ውሃ ነው። አንዱ ሰፈር በየቀኑ ያገኛል፣ ሌላው በሳምንት አንዴም አያገኝም፤ ለምን? የሃይድሮሎጂ መምህር እሺ ብለውናል። ካርታ ይዘው ይመጣሉ፣ ወረቀት ላይ፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ። የውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤቱንም ጋብዘናል፤ እንደ ክብር እንግዳ ሳይሆን እንደ ተጠያቂ። ይመጡ አይመጡ አናውቅም።

ዝም አይሻልም

ውሃ ደግሞ ፖለቲካ አይደለም አሉ!

ሸማ ለባሽ

አወያይዋ ማን ናት?

አራተኛ ዓመት

ከሥነ ዜጋ ትምህርት ክፍል አንዲት መምህርት። ስንጠይቃት «እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?» አለችን።

ሐምቡርግ ነኝ

ድምፁን ቅዱልን እንጂ። ቴሌግራም ላይ ብትለቁት እዚህም የሚሰማ አለ። ቪዲዮ አያስፈልግም፣ ዳታ ይበላል።

አራተኛ ዓመት

እንቀዳለን። ያለን ማይክ ግን አንድ ነው፤ እሱም ለተናጋሪው ነው። ጠያቂው ጋ የሚዞር ሁለተኛ ማይክ ያስፈልገናል። ሊያውሰን የሚችል፣ ወይም ሠርግ ቤት የሚያከራይ ዘመድ ያለው ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ገመድ አልባ ቢሆን ደስ ይለናል፤ ባለ ገመድም ከሆነ ገመዱ ረዘም ይበል።